ናፍጣ ነው ቤንዚን?

መኪና ልግዛ ብሎ ያሰበ ሰው ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ምስጢር የለውም። ዕቁብ በወጣለት ማታ የዕቁቡ ዳኛ ያውቃል፤ በነጋታው ጀበና ቡና የሚያፈሉት እትዬ ያውቃሉ፤ ሰውየው ብሩን ቆጥሮ ሳይጨርስ ደላላ ይደውልና «ወንድሜ እንኳን ደስ ያለህ፤ አንዲት ንጹሕ መኪና አለች፣ ሐኪም የያዛት ናት» ይለዋል። በአገራችን ለሽያጭ የምትቀርብ መኪና ሁሉ ወይ ሐኪም የያዛት ወይ ሴት የነዳቻት ናት። ሾፌር የነዳት መኪና ተሸጣ አታውቅም።

ከደላላው ሌላ ያለው ሰው ግን ማንም ይያዛት ማን ግድ የለውም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ናፍጣ ነው ቤንዚን?» ቀለሟ፣ ዕድሜዋ፣ የሊብሬዋ ንጽሕና፣ የቦሎዋ ነገር ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። መልሱ የትኛውም ቢሆን ጠያቂው ራሱን መነቅነቁ አይቀርም። ናፍጣ ሲባል «ኖዝሉን አስሞክረኸዋል?» ይላል፤ ቤንዚን ሲባል ደግሞ «ከየት ልትቀዳ ነው?»

የሥራ ባልደረባዬ ሰሞኑን ይህን ጥያቄ ሲመልስ ከረመ። ቤቱ ጋምቤላ፣ እንጀራው ኢታንግ ነው። ጧት ወደ ምዕራብ ይሄዳል፣ ማታ ወደ ምሥራቅ ይመለሳል፤ ስለዚህ ፀሐይ በሁለቱም ጉዞ ከጀርባው ናት። የኢታንግ መንገድ ለተመላላሽ የሚውለው ብቸኛ ውለታ ይኸው ይመስለኛል። ደርሶ መልሱ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። እንዲህ የሚኖረው እሱ ብቻ አይደለም። በኩሌና በቴርኪዲ የስደተኞች መጠለያ የሚሠሩ ነርሶች፣ መምህራን፣ የወረዳ ሠራተኞች ጎሕ ሲቀድ ከተማዋን ትተው ይወጣሉ። መሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ ያለው በሰርቪስ፣ የሌለው በሚኒባስ፣ ሚኒባሱ ያመለጠው በሞተር ሳይክል ጀርባ ላይ ነው። የእርዳታ ድርጅት ነጫጭ ላንድክሩዘሮች ረጃጅም አንቴናቸውን እያወዛወዙ ሁሉንም አልፈው ይሄዳሉ። እኛ የሚኒባሱ ወገን ነን። ባልደረባዬ ዕቁብ ሲወጣለት ወገን ሊቀይር ተነሣ፤ የተነሣበትም ጥያቄ ይህ ሆነ።

መጽሐፍ የጠየቀ ሰው መልሱን በአንድ መስመር ያገኛል፤ ረጅም መንገድ የሚመላለስ ናፍጣ፣ ከተማ ውስጥ ቆም ሄድ የሚል ቤንዚን ይግዛ። ምክንያቱም አለው። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የሚባል ነገር አያውቅም። አየር ብቻ ይስብና ከ15 እስከ 20 እጥፍ ድረስ ያምቀዋል፤ የታመቀ አየር ይግላል፤ በዚያ ግለት ላይ ናፍጣው ሲረጭ ማንም ሳይለኩሰው ይነድዳል። ቤንዚን ግን ከ10 እጥፍ ብዙም ሳይርቅ ይታመቅና ካንዴላዋ እሳት እስክትጭርለት ይጠብቃል። አብዝቶ ያመቀ ሞተር ከእያንዳንዱ ጠብታ አብዝቶ ያተርፋል፤ በዚያ ላይ አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን በመቶ ከ10 በላይ የሚበልጥ ጉልበት ይዟል። ክብደታቸው እኩል የሆነ ሁለት መኪኖች አንድ መንገድ ላይ ቢለቀቁ የናፍጣው በመቶ ከ20 እስከ 30 ያነሰ ነዳጅ ይጠጣል።

ይህን ሞተር የፈጠረው ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል የባለቤትነት መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1893 ነው። ሞተሩ ለነዳጅ አመል አልነበረውም። በ1900 ፓሪስ ላይ በተከፈተው ታላቅ ኤግዚቢሽን አንዱ የናፍጣ ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት ሲሠራ ታይቷል። ዛሬ የምግብ ዘይት ዋጋ ሲታይ ሰው ወደ ናፍጣ መዞሩ ሳይሻል አልቀረም፤ አለበለዚያ ሽሮ ልንሠራ ማደያ እንሰለፍ ነበር። ሰውየው ራሱ በ1913 በመርከብ ወደ እንግሊዝ ሲሻገር ማታ ወደ መኝታው ገብቶ ጧት ሲፈለግ ጠፋ፤ አስከሬኑ ከቀናት በኋላ ባሕር ላይ ተገኘ። ዕዳ ነበረበት ይባላል። የናፍጣ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ይህን ለማመን አይቸገርም።

እትዬ ቡና ቤት፣ ማንጎው ጥላ ሥር፣ የናፍጣ ጠበቃ አንድ ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከጋምቤላ ፑኝዶ፣ ከጋምቤላ አዲስ አበባ ሲመላለሱ ኖረዋል። የሚምሉት በአንድ ሞተር ነው፤ በላንድክሩዘሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ።

«ልጄ፣ ያ ሞተር ኮምፒውተር የለው፣ ኤሌክትሮኒክስ የለው» ይላሉ ስኒያቸውን አስቀምጠው። «አንዴ ከተነሣ ባትሪውን ነቅለህ ብትወስድበት እንኳ ይሄዳል። ጭቃ ይገባል፣ ውኃ ይሻገራል። ናፍጣ ትዕግሥተኛ ነው። ይዘገያል እንጂ ይደርሳል።»

«ጋሼ፣ ትዕግሥቱንማ ማደያ ላይ እያየነው ነው» ይላቸዋል ባጃጁን ጥላ ውስጥ ያስጠጋው ልጅ።

ቡና ሊጠጣ የመጣው መካኒክ ግን ወገን የለውም። «እኔ በሁለቱም አልከፋም» ይላል። «ቤንዚን ያለው በየወሩ ይመጣል፣ ትንሽ ትንሽ ይከፍላል። ናፍጣ ያለው በዓመት አንዴ ይመጣል፤ እሱ የመጣ ቀን እኔ በግ እገዛለሁ።»

እዚህ ላይ መጽሐፉ የማይነግረን አንድ ነገር አለ። አውሮፓ ውስጥ ናፍጣ ወይስ ቤንዚን ብሎ የሚጠይቅ ሰው አንድ ዓይነት መኪና መርጦ ሞተሩን ነው የሚያማርጠው። እኛ ዘንድ ቤንዚን ማለት ቪትዝ ነው፣ ያሪስ ነው፣ ኮሮላ ነው፤ ናፍጣ ማለት ሃይሉክስ ነው፣ ሃርድቶፕ ነው፣ አባዱላ ነው። የምናወዳድረው ነዳጅ ከነዳጅ ሳይሆን ፍየል ከበሬ ነው። ስሌቱን በእትዬ የሲኒ ማስቀመጫ ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ ሠራነው። ቪትዟ በሊትር 16 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች እንበል፤ መቶ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከስድስት ሊትር ትንሽ ያለፈ ትፈልጋለች። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ በወጣው የአዲስ አበባ ዋጋ፣ ቤንዚን በሊትር 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሲሆን፣ የቀኑ ወጪ 634 ብር ገደማ ነው። የጋሼ ላንድክሩዘር በሊትር 8 ከሄደ ደግ ነው፤ ናፍጣው 98 ብር ከ98 ሳንቲም ቢሆንም የቀኑ ወጪ 1,237 ብር ይሆናል። ትዕግሥተኛው በእጥፍ በላ።

ጋሼ ካርቶኑን አገላብጠው አዩት። «ይሄ ሥራ አይደለም» አሉ። «ሃይሉክስን ከሃይሉክስ አስተያይ።»

እውነት አላቸው። የቤንዚን ሃይሉክስ በሊትር 8፣ የናፍጣው 11 ይሄዳል ብንል የመጀመሪያው 1,268 ብር፣ ሁለተኛው 900 ብር ይጠጣል። በወር የሥራ ቀን ሲባዛ ልዩነቱ ስምንት ሺህ ብር ይደርሳል፤ የአንድ ሰው የቤት ኪራይ ነው። መጽሐፉም ጋሼም አልተሳሳቱም። ችግሩ ሃይሉክሱ ራሱ የሚሸጥበት ዋጋ ሲነገር እትዬ ቡናውን እሳት ላይ እንዳለ ረስተውት መገንፈሉ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በከባድ ቀረጥ ዘጋበት፤ አገር ውስጥ የነበረው አሮጌ መኪና በበኩሉ ይህን ሰምቶ ኮራ። ከባለቤቱ ጋር ያረጀ መኪና ከባለቤቱ በላይ የሚያወጣበት አገር ላይ ነን።

የናፍጣንና የቤንዚንን ዋጋ ተመልክቶ እመርጣለሁ የሚል ሰው ደግሞ ሁለት ጣውንቶችን ለማስታረቅ እንደ ገባ ይቁጠረው። በ2014 ግንቦት አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን 36 ብር ከ87፣ ናፍጣ 35 ብር ከ43 ነበር፤ ናፍጣ ረከሰ ተባለና ሰው ወደ ናፍጣ አዘነበለ። በዚያው ክረምት መንግሥት ድጎማውን ቀስ በቀስ ማንሣት ሲጀምር ቤንዚን 47 ብር ከ83፣ ናፍጣ 49 ብር ከ02 ሆነ፤ ናፍጣ ቀደመ። በ2017 መስከረም መጨረሻ ደግሞ ቤንዚን 91 ብር ከ14፣ ናፍጣ 90 ብር ከ28 ሆነና ቤንዚን ተመልሶ ቀደመ። ከዚያም ሁለቱም ወደ ላይ ወጡ። አንዲቱ ሌላዋን በአንድ ብር ስትበልጥ መኪና የሚቀይር ሰው ካለ ደላላው ስልኩን ይፈልገዋል።

ደግሞም ይህ ሁሉ የአዲስ አበባ ዋጋ ነው። ነዳጁ ጅቡቲ ወደብ ወርዶ፣ በቦቴ ተጭኖ መሐል አገር ከደረሰ በኋላ ጋምቤላ ለመግባት ሌላ ሰባት መቶ ሰባ ያህል ኪሎ ሜትር ይቀረዋል፤ የማጓጓዣውም ይታከልበታል። ቦቴው ራሱ በናፍጣ ነው የሚሄደው። ቤንዚን ጋምቤላ የሚደርሰው በናፍጣ ጀርባ ታዝሎ ነው ማለት ነው። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ሰፊ ፈገግታ አሳዩኝ፤ ክርክሩን ያሸነፉ መሰላቸው።

የባጃጁ ልጅ ግን ሌላ ነገር ያውቃል። ጋምቤላ ውስጥ ቤንዚን የሚጠጣው ብዙ ነው፤ ባጃጁ፣ ሞተር ሳይክሉ፣ ጄኔሬተሩ፣ የጀልባዋ ሞተር። ስለዚህ ቤንዚን ማደያ ውስጥ የለም፤ ከማደያው ውጭ ግን ሞልቷል። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሃይላንድ ሁሉ ቤንዚን ነው። አንዱን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ቢጫ ነው፤ ፀሐይ ሲያልፍበት ጠጅ ይመስላል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ባለፈበት የመጋቢት ቀትር ላስቲኩ ተወጥሮ ሆዱ ይነፋል፤ ክዳኑ ሲላላ ጭስ የሌለው ትንፋሽ «ጥስስ» ብሎ ይወጣል፣ ሽታው አፍንጫ ይሰብራል። የሻጩ ማንቆርቆሪያ የሌላ ሃይላንድ አንገት ተቆርጦ ነው። በዚያ በተነፋው ሆድ ውስጥ ስንቱ ሊትር፣ ስንቱ ትነት እንደሆነ አትጠይቁ። ዋጋውንም ከመክፈላችሁ በፊት አትጠይቁ፤ ከማደያው እጥፍ የሚያልፍበት ቀን አለ።

እንግዲህ የኛ አገር ምርጫ ይህን ይመስላል። ቤንዚን ያለው ሰው በውድ ይገዛል እንጂ መንገድ ላይ አያድርም። ናፍጣ ያለው ሰው በመንግሥት ዋጋ ይቀዳል፤ ያለቀ ቀን ግን ድንጋይ ላይ የቆመ ናፍጣ ማግኘት ይቸግረዋል። ናፍጣ የሚሸጠው በጅምላ ለሚገዛ ነው፤ ለሲኖትራክ፣ ለትራክተር፣ ለእርሻ ካምፕ። በሃይላንድ ሙሉ ናፍጣ ሃርድቶፕ ለማስነሣት መሞከር ደግሞ ለዝሆን ሻይ መጋበዝ ነው።

ናፍጣ ባዶ እስኪሆን ድረስ የነዳ ሰው ሌላም ጣጣ አለበት። ቤንዚን መኪና ነዳጅ ሲጨርስ ትጨምርላትና ትነሣለች። ናፍጣ ሲያልቅ ሞተሩ አየር ይስባል። አየር የሳበ ናፍጣ ሰልባቲዮው አፉ ድረስ ቢሞላለት አይነሣም። ሾፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ፣ የናፍጣ ፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን ትንሽ የእጅ ፓምፕ በአውራ ጣቱ ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ ያደርጋል። መጀመሪያ ባዶ ነው፤ ጣቱ ምንም አያገኝም። ከዚያ አረፋ ይወጣል። ብሎኗ ላላ ትደረግና አረፋው ይፈሳል፣ እንደገና ትጠብቃለች። ፓምፗ ደንድና ጣቱ መግፋት ሲያቅተው ናፍጣው ደርሷል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ከብቶች እንደሚያልፉ አስቡ፤ የኑዌር ከብቶች፣ ቀንዳቸው ረጅም፣ ጊዜያቸው ሰፊ። አንዷ ላም ቆማ ታያለች። ሾፌሩ በዓይኗ ሲታይ ከወር በፊት ያልተቀበለው የሰው ምክር ሁሉ ትዝ ይለዋል።

ቤንዚንም ቢሆን የጋምቤላን ፀሐይ አይወድም። ናፍጣ እሳት የሚይዝ ትነት ለመስጠት ሃምሳ ዲግሪ ያህል ይፈልጋል፤ ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች አርባ ዲግሪ ላይም ቢሆን ይተናል። ካርቡሬተር ያላቸው የድሮ ኮሮላዎች ዳገት ላይ ወይም ቀትር ላይ ቧንቧው ውስጥ ያለው ቤንዚን ወደ ትነት ይለወጥባቸውና ሞተሩ ይሰናከላል። መድኃኒቱን ሾፌር ሁሉ ያውቃል፤ ጨርቅ በውኃ ነክሮ የነዳጅ ፓምፑ ላይ ማልበስ። ትኩሳት ለያዘው ሕፃን ግንባሩ ላይ የሚደረገው ዓይነት ነው። ቤት ውስጥ ጀሪካን ቤንዚን አልጋ ሥር የሚያስቀምጥ ሰው ግን የሚያስቀው ነገር የለም፤ ከሰል አንድዶ ቡና ከሚያፈላ ቤት ጋር ግድግዳ ሲጋራ ደግሞ የሰፈሩ ጉዳይ ነው።

ወደ ላይ፣ ወደ ጎሬ ሲወጣ ነገሩ ይለወጣል። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጎሬ ከ2000 ያልፋል። መንገዱ የጋምቤላዋን ቦንጋ አልፎ ዳገቱን ሲይዝ ቤንዚኗ ማርሽ እየቀነሰች ታቃስታለች፤ ቱርቦ ያለው ናፍጣ እየዘፈነ ይወጣል። አየር ሲሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ስለሚያጣ የጋሼ ሞተር እንኳ ቡሬ አካባቢ ትንፋሹ ያጥረዋል። ይህን ስል ጋሼ «ያጥረዋል እንጂ አይቆምም» አሉ። አዲሶቹ፣ ዲፎርዲ የሚባሉት ናፍጣዎች ቱርቦም ኮምፒውተርም አላቸው፤ ነገር ግን ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጩት ከሺህ አትሞስፌር በላይ በሆነ ግፊት፣ እንደ ፀጉር በቀጠነ ቀዳዳ ነው። ውኃ ወይም ደለል የገባበት ናፍጣ አይችሉም።

መካኒኩ ይህን በአጭሩ ነገረን፤ «አሮጌው ናፍጣ የሰጡትን ይበላል። አዲሱ ያማርጣል።» ከዚያም እጁን አፉ ላይ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሲያማርጥ አራቱ ኖዝል ስንት እንደሆነ ጓደኛህን ልብ ሕመም ከሌለበት ንገረው።»

ኢታንግ ድረስ ግን ዳገት የለም። የባሮ ሜዳ ነው፤ ጠፍጣፋ፣ ቀጥ ያለ፣ ክረምት ላይ ባሮ ሲሞላ ደግሞ ግማሹ ኩሬ። ለዚህ መንገድ የሚያስፈልገው ጉልበት ሳይሆን ከፍታ ነው። ቪትዝ ኩሬ ውስጥ ስትገባ አሣ ከውስጥ በመስኮት የሚያያት ይመስለኛል።

ባሮ ከተነሣ አይቀር፣ ጋምቤላ መጓጓዣ መጠበቅ የጀመረችው ነዳጅ ማደያ ከመከፈቱ በፊት መሆኑን ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በ1902 ምኒልክ ከእንግሊዞች ጋር በተፈራረሙት ውል እንግሊዞች እዚህ ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቀደላቸው። ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች ነጭ ዓባይን፣ ከዚያ ሶባትን፣ ከዚያ ባሮን ተከትለው እዚህ ድረስ ይመጡ ነበር። የኢሉባቦር ቡና ተጭኖ ይወርዳል፣ ጨውና ጨርቅ ይወጣል። ነገር ግን መርከቡ የሚመጣው ወንዙ ሲሞላ፣ ክረምት ላይ ብቻ ነው። ውኃው ሲጎድል ነጋዴው ቡናውን አጠገቡ ቆልሎ የሚቀጥለውን ክረምት ይጠብቃል። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1956 ለኢትዮጵያ ተመለሰ፤ መርከቦቹ ቀሩ። መጠበቁ ግን አልቀረም። አሁን የሚጠበቀው ቦቴ ሆነ እንጂ።

ቦቴው ሲደርስ ደግሞ ገንዘብ ይዞ መቅረብ አይበቃም። ከግንቦት 2015 ጀምሮ በአገሪቱ ነዳጅ የሚከፈለው በሞባይል ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ማን ስንት ሊትር እንደቀዳ ይታወቃል፣ ድንበር የሚሻገረውንም ለመያዝ ይረዳል። ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ግን አንድ እጁ መሪ ላይ፣ አንድ እጁ ስልክ ላይ ሆኖ ኔትወርክ ፍለጋ ስልኩን በመስኮት ወደ ሰማይ ያነሣል። ሃያ መኪና ሃያ እጅ ወደ ላይ ሲዘረጋ ያየ እንግዳ ጸሎት ላይ የደረሰ መስሎት ኮፍያውን ያወልቃል።

«ለምን ሁለቱንም ትታችሁ ኤሌክትሪክ አትገዙም?» ያለን የእትዬ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ይማራል። ነገሩ ቀልድ አይደለም። በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸውን አስታወቀ፤ ዓለም ላይ እንዲህ ያደረገ አገር ቀድሞ አልነበረም። አዲስ አበባ ድምፅ አልባ በሆኑ የቻይና መኪኖች እየተሞላች ነው። ወደፊት ናፍጣ ነው ቤንዚን ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንደ ሙዝየም ይታይ ይሆናል።

«መብራት ሲጠፋስ?» አሉት ጋሼ።

«ጄኔሬተር አለ» አለ ልጁ።

«ጄኔሬተሩ በምን ይሠራል?»

ልጁ ዝም አለ። ጋሼ መልሱን ራሳቸው መስጠት አልፈለጉም፤ ቡናቸውን ጠጡ። ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፉ መሰላቸው፤ ይህን ጊዜ ግን በእርግጥም አሸንፈዋል።

የኔ አስተያየት ከተጠየቀ፣ ለኢታንግ ተመላላሽ ጥሩው አሮጌ ናፍጣ ነው፤ ኮምፒውተር የሌለው፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ የሰጡትን የሚበላ። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ሞተሩ ሞቆ በእኩል ፍጥነት ይሄዳል፣ ናፍጣ የሚወደው ይህን ነው። ከከተማ ለማይወጣ ሰው፣ ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ ቢሮ ለሚገባ ሰው፣ ናፍጣ መግዛት ሞተሩ ሳይሞቅ መኪና ማቆም ነው፤ እሱ ቤንዚን ይግዛ። ይህን ሁሉ ለባልደረባዬ በዝርዝር አስረዳሁት። ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠኝ። ከዚያ የዕቁቡን ብር ነገረኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። በዚያ ብር ከሃይሉክስ የሚገዛው ፊት ያለው ግማሽ ነው፤ ሞተሩ እዚያው ቢሆንም ያለ ኋላ ጎማ የትም አይደርስም።

እትዬ እስከዚህ ድረስ ዝም ብለው ሲያራግቡ ነበር። «አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አሉ። «ይህ የምትሉት መኪና የቆመ እንደሆነ ማን ነው የሚገፋው?»

ክርክሩ በዚህ ተቋጨ። ቪትዝ ገዛ። ብርማ፣ በሩ አንዱ ከውጭ ብቻ የሚከፈት፣ ደላላው እንዳለው ሐኪም የያዛት። አራት ሰው ይገፋታል፤ ደግሞም አራት ሰው ሆነን ነው የምንሄድባት። ከሚኒባሱ ወገን ሦስታችን ተቆርጠን ወጣን፣ የነዳጁን እያዋጣን ከባልደረባዬ ጋር መመላለስ ጀመርን። ክረምቱ ገብቶ ባሮ ሲሞላ ወደ ሚኒባሱ እንደምንመለስ ሁላችንም እናውቃለን፤ አናነሣውም።

የቀረው የሰልፍ ነገር ነው። የሃይላንድ ቤንዚን ለየቀኑ መቶ ኪሎ ሜትር አያዋጣም፤ ስለዚህ ቦቴ ገባ የተባለ ማታ ቪትዟን ማደያው ዘንድ አሰልፎ የሚያድር ሰው ያስፈልጋል። ተራ አወጣን። ተረኛው ቁልፉን፣ ስልኩን፣ አንድ ፌስታል ማንጎና አጎበር ይዞ ይሄዳል። ጋምቤላ ላይ ያለ አጎበር ማደር ቤንዚን ሳይሆን ወባ ይዞ መመለስ ነው። አጎበሩን ቪትዝ ውስጥ መዘርጋት ጥበብ ይጠይቃል፤ ሁለቱ ጫፍ የኋላ በሮቹ ላይ ባሉት መያዣዎች ይታሰራል፣ አንዱ በመስታወቱ፣ አራተኛው ቦታ ስለሌለው በጥርስ ይያዛል። ሰልፉ አንድ መኪና በተንቀሳቀሰ ቁጥር አጎበሩን እንደ ተከናነቡ መንዳት ነው። ከኋላ የተሰለፈው የባጃጅ ልጅ መጀመሪያ ያየኝ ዕለት ሙሽራ የያዝኩ መስሎት ጡሩንባ ነፋ።

ለዚህ ድካም ደመወዝ ተቆርጧል፤ በነጋታው ኢታንግ ድረስ ፊት ወንበር የሚቀመጠው ሰልፍ ያደረው ነው። መስኮቱም የሚወርደው በዚያ በኩል ብቻ ነው።